ፊሊበር ደ ሎርምና የአጫጭር ጣውላ ጣሪያ፦ ለእኛ ደጋ ይሠራል?

ባሶና፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን አጠገብ በድንጋይ ግድግዳ የቆመ አዳራሽ አለ፤ ውስጡ ስፋቱ 7.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር። መሀሉ ላይ ምሰሶ ሳይገባ ጣሪያ ማልበስ ነው የሚፈለገው። እዚህ የሚገኘው ባህር ዛፍ ነው፤ ረጅሙ ሲደርቅ ይጣመማል፣ አጭር ጣውላ ግን እንደ ልብ ነው። ፊሊበር ደ ሎርም የሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ አርክቴክት አጫጭር ጣውላ እየቀጣጠለ ትልልቅ ቅስት ይሠራ እንደነበር ይነገራል። ሰውየው ማን ነው? አሠራሩስ እንዴት ነው፣ የሚበላሸውስ ምኑ ላይ ነው?

ሰላ ድንጋይ፦
ስለ ሰውየው እኔ ልመልስ፤ ስለ እንጨቱ የአናጢዎቹ ፈንታ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1514 ገደማ ሊዮን ከተማ ተወለደ። አባቱ የግንበኞች አለቃ ስለነበር ሙያውን የለመደው ገና በልጅነቱ፣ ከድንጋይ ጠራቢዎች መሀል ነው። ሮም ሄዶ የጥንቱን ሕንፃ እየለካ ቆየና በ1536 ሊዮን ላይ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሰገነት ሠራ። ግቢው እንዳይጣበብ ሰገነቱን መሬት በረገጠ ምሰሶ አላቆመውም፤ ከግድግዳው ማዕዘን እየሰፋ በሚወጣ ጥርብ ድንጋይ አሸከመው። ዛሬም ቆሞ ይታያል። የድንጋይ አጠራረብ ጥበቡን ማየት የፈለገ ከዚህ ይጀምር።

ዳግማዊ ሄንሪ ፈረንሳይ ላይ ሲነግሥ የንጉሡ ሕንፃዎች የበላይ ሆነ። አኔ በተባለ ቦታ ለንጉሡ ውሽማ ለዲያን ደ ፗቲዬ ቤተ መንግሥት አነጸ፣ ሸኖንሶ በተባለው ሌላ ቤተ መንግሥቷ ላይ በሼር ወንዝ ድልድይ ዘረጋላት። ንጉሡ በ1559 ሲሞት ወዲያው ተሻረ፤ ቦታውን ጣሊያናዊው ፕሪማቲቾ ያዘው። መጻሕፍቱን ያሳተመው ከዚያ በኋላ ነው፦ አንተ የጠየቅከውን የጣሪያ ብልሃት በ1561፣ ትልቁን የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ በ1567። በትልቁ ውስጥ ሁለት ሥዕል አለ። መጥፎው አርክቴክት ዓይንም ጆሮም እጅም የለውም፣ የሚያወራበት አፍ ብቻ ነው ያለው፤ ጥሩው ሦስት ዓይን፣ አራት ጆሮና አራት እጅ አለው። በ1570 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ለንጉሡ ሚስት ለካትሪን ደ ሜዲቺ ፓሪስ ላይ የጀመረው የቱዪለሪ ቤተ መንግሥት በ1871 ተቃጠለ፤ ከአኔም ብዙው ፈርሶ በተለይ ጸሎት ቤቱና መግቢያ በሩ ተርፈዋል።

የአንኮበር አናጢ፦
ወደ እንጨቱ እንግባ። ደ ሎርም ወደዚህ ዘዴ የሄደው አንተ በገጠመህ ችግር ነው፤ ረጅምና ወፍራም ግንድ በአገሩ እየጠፋ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ለ7.8 ሜትር ስፋት ያዘዘው ጣውላ 1.3 ሜትር ርዝመት፣ 22 ሴ.ሜ. ስፋት፣ 2.7 ሴ.ሜ. ውፍረት ነው። ቅስቶቹ በየ65 ሴ.ሜ. ይቆማሉ።

በመጀመሪያ ሜዳ ላይ የቅስቱን ሙሉ ልክ በገመድ አስምርና ከኮምፔርሳቶ አንድ ልክ ቁረጥ፤ ሁሉም ጣውላ በእሱ ይቆረጣል። ቅስቱ ሁለት ንጣፍ ነው። የአንዱ ንጣፍ መጋጠሚያ የሌላው ጣውላ ወገብ ላይ ማረፍ አለበት፣ ልክ ብሎኬት ሲደረደር እንደምናደርገው። ስለዚህ አንዱን ንጣፍ በግማሽ ጣውላ ጀምር። ከዚያ በቅስቱ ጥልቀት መሀል ላይ በሁለቱም ንጣፍ የሚያልፍ ቀዳዳ በመሮ ይወጣና 10 በ2.7 ሴ.ሜ. የሆነ ማገር ከቅስት ወደ ቅስት ይሻገርበታል። ማገሩ በየቅስቱ ግራና ቀኝ በሽብልቅ ይወጠራል። ሽብልቁ ነው ሁለቱን ንጣፍ የሚያጣብቀው፤ ሙጫ የለውም።

አንተ ዘንድ ግማሽ ክብ ከሆነ ራዲየሱ 3.75፣ የቅስቱ ርዝመት 11.8 ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 1.3 ሜትር ጣውላ ላይ ክቡን ስታወጣ 5.7 ሴ.ሜ. ከስፋቱ በመጋዝ ይሄዳል፤ በ90 ሴ.ሜ. ጣውላ ግን 2.7 ብቻ ነው። የባህር ዛፍ ጣውላ ሰፊ ስለማይገኝ 90ውን ምረጥ። ለአንድ ቅስት 28 ገደማ ጣውላ፣ ለ14 ሜትር 23 ቅስት፣ በድምሩ ከ640 በላይ። እንጨቱ ርካሽ ነው፣ የእጅ ሥራው ግን ብዙ ነው።

ባሶና፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግድግዳው 60 ሴ.ሜ. ነው። ቅስቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል ወይ? ቆርቆሮስ እንዴት ይለብሳል?

ጣርማ በር፦
ግማሽ ክብ ስለሆነ እግሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ግፊቱ ከዝቅተኛ ቅስት ያነሰ ነው፣ ግን አለ። በጭቃ ብቻ የተገነባ ግድግዳ ከሆነ እግር ለእግር የሚያስር አግዳሚ ሳታስገባ አትጀምር። እግሩ ግድግዳው አናት ላይ በተጋደመ እንጨት ውስጥ ይሰካ፤ በእንጨቱና በድንጋዩ መሀል እርጥበት የሚከለክል ነገር ይግባ።

ይህ ጣሪያ በብዛት የሚበላሸው በእርጥብ እንጨት ነው። ጣውላው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሽብልቁ ይላላል፣ ሁለቱ ንጣፍ እየተንሸራተቱ ቅስቱ ወገቡ ላይ ያብጣል። ጣውላውን በጥላ ሥር በመሀሉ ቀጭን እንጨት እያስገባህ ደርድር፤ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀባው፣ አለዚያ ከዚያ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው። ሽብልቁን ኮርኒስ አትሸፍንበት፤ ከመጀመሪያው በጋ በኋላ መዶሻ ይዞ ዞሮ ማጥበቅ የግድ ነው።

የደጋው ነፋስ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚገፋ ቀጭን ቅስትን የሚፈትነው እሱ ነው፤ የግፊቱን ስሌት መሐንዲስ ሳያይልህ አታቁም። ደ ሎርም ጣሪያውን ያለበሰው እየተደራረበ በሚመታ ትንንሽ ክዳን ነበር። ቆርቆሮ ከሆነ አጫጭሩን ተጠቀም። አናቱ ላይ ተዳፋትነት ስለሌለ ዝናብ በመደረቢያው ሥር ይገባል፤ እዚያ ሁለት ሜትር ያህል ላይ ትንንሽ ወራጅ አቁመህ ከፍ አድርገው።

እሳትም አለ። ፓሪስ ውስጥ የእህል ገበያው ጉልላት በ1783 በዚህ ዘዴ ተሠርቶ 39 ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር፤ በ1802 ሙሉ በሙሉ ነደደ፣ በቦታው የገባው የብረት ነው። ቀጭን ደረቅ ጣውላ በመሀሉ አየር እያለው ቶሎ ይያያዛል። የመብራት ገመድ በማገሩ ቀዳዳ አታሳልፍ፤ በግድግዳው በኩል በቱቦ ይሂድ።