የኪሞኖ ሐር ከካውያ ስር ተኮማተረብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ነው። በየወሩ በ21 በቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ በሚቆመው ገበያ አንድ አሮጌ የሴት ኪሞኖ (የጃፓን ባህላዊ ልብስ) ገዛሁ። ጨርቁ ቺሪመን የሚሉት፣ ሲዳሰስ ሻከር የሚል ሐር ነው። ጠቆር ባለ ቀይ ላይ ነጫጭ የፕለም አበባ ተበትኖበታል። ስፌቱን ስፈታው 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ቀጥ ያሉ ቁራጮች ወጡልኝ። ኪሞኖን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሲሰፋ ብዙም ስለማይቆራረጥ ሲፈታ ተመልሶ ጨርቅ ይሆናል።

ለእናቴ የትከሻ ቦርሳ ልሰፋላት ነው። ሐሩ ስስ ስለሆነ ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ማጠንከሪያ ለጠፍኩበት። በእንፋሎት ስተኩሰው ሐሩ ተኮማተረ፣ ማጠንከሪያው ግን ባለበት ቀረ። ፊቱ በሙሉ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣ። በሁለተኛው ቁራጭ እንፋሎቱን ዘግቼ በመለስተኛ ሙቀት ሞከርኩ። አረፋ አላወጣም፤ በማግስቱ ግን ጠርዙ መላቀቅ ጀመረ። ማንገቻውን ሰፍቼ ሳብ ሳደርገው ደግሞ ሐሩ በመርፌው ቀዳዳ መስመር ተተረተረ። የተጠቀምኩት 9 ቁጥር መርፌና የሐር ክር ነው።

የኪሞኖው ሌላው ክፍል ነትቧል። ደህና የቀረኝ አንድ የእጅጌ ቁራጭ ነው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ። ሳልቆርጠው በፊት ልጠይቃችሁ፦ ካውያ ጭራሽ ሳላስነካው ከጀርባው ስስ የጥጥ ጨርቅ በእጅ ባያይዝለት የቦርሳውን ክብደት ይችላል፣ ወይስ ሐሩን አስቀድሜ በእንፋሎት አኮማትሬ ማጠንከሪያውን ከዚያ በኋላ ልለጥፍ?