ሀዋሳ ላይ ሂተር ማብራት የሚጀመረው መቼ ነው? ሕፃን ላለበት ክፍል

ጠያቂ፦ ታቦር ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ቀኑ እንደ ወትሮው ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ግን ተቀይሯል። ሂተር ከመቼ ጀምሮ፣ በቀንስ ለስንት ሰዓት ቢበራ ይሻላል?

ቤቱ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው፣ የኪራይ። መኝታ ቤቱ 3 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ70። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ሆኖ አንዱ ጥግ ተነስቷል። በሩ ላሜራ፣ መስኮቱ ብረት። የሁለት ወር ሕፃን አለች። ሂተሩ ባለ ፋን ነው፣ 1000 እና 2000 ዋት የሚል ሁለት ደረጃ አለው። 2000 ላይ ሲደረግ ብሬከሩ አልፎ አልፎ ይወድቃል። ቆጣሪው ባለ ካርድ ነው፣ ከሁለት ተከራዮች ጋር በጋራ። እናቴ ደግሞ “ቡና ከተፈላ በኋላ ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ኤሌክትሪክ ምን ያደርጋል” ትላለች። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ንጋት 12 ሰዓት

ቀን ቆርጦ “ከሕዳር 1 ጀምሮ” ማለት እዚህ ከተማ አያስኬድም። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰውነት ነው፣ ለሂተር አይሆንም።

ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ መሬቱና ቆርቆሮው ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቁታል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ንጋት ላይ ውጭው ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ አንዳንድ ሌሊት ከዚያም በታች። በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ ግን ጃኬት የሚለብስ ሰው አታይም። ስለዚህ እዚህ የሚታየው ወሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው።

አንድ ተራ ቴርሞሜትር ግዛ። የምትሰቅለው በአልጋው ከፍታ፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው። የውጭው ግድግዳ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ዝቅ አድርጎ ያሳይሃል፤ ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያደርግብሃል። ለአምስት ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ በር ሳይከፈት አንብበህ ጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ ለብርድ ወቅት የሚመክረው ዝቅተኛ የቤት ውስጥ ሙቀት 18 ዲግሪ ነው። ሦስት ንጋት በተከታታይ ከ18 በታች ካነበብክ ጀምር። ከ18 እስከ 20 ባለው ውስጥ ሕፃኗን ከአንተ አንድ ልብስ ጨምሮ ማልበስ ይበቃል። ከ20 በላይ ከሆነ አታብራ። እጇ ቀዝቃዛ መሆኑ አያሳስብህ፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። የምትነካው ማጅራቷንና ደረቷን ነው፤ ማጅራቷ ካላበው ከልክ በላይ ሞቋታል። ለጨቅላ ከመጠን ያለፈ ሙቀት በእንቅልፍ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ሞት አጋላጮች አንዱ ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት። የክፍልህ አየር 32 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ አየሩን ብቻ በ10 ዲግሪ ለማሞቅ አንድ አሥረኛ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የሚፈጀው በጣሪያ፣ በግድግዳና በበር ሥር የሚወጣውን መተካት ነው። በ1000 ዋት በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ብታበራ በወር 75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 2000 ላይ አድርገህ ስምንት ሰዓት ካሳደርከው 480 ይሆናል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚወጣ፣ ቆጣሪ የሚጋሩህ ጎረቤቶች ከአንተ በፊት ያውቁታል።

መልስ 2፦ የከሰል ነገር

እናትህን በአክብሮት አስረዳቸው እንጂ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው “ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ አሁን ምንም አይልም” በሚለው ላይ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያመነጨዋል፣ አመድ ለብሶ ሲታፈን ደግሞ ይብሳል። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ጥቂቱም ሌሊቱን ሙሉ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን አያውቀውም። ሕፃን ቶሎ ስለምትተነፍስ ከአዋቂ ቀድማ ትጎዳለች። መስኮት በጣት ስፋት መክፈት ዋስትና አይሆንም።

ቡናው ሳሎን በር ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ማንደጃውም ከቤት ውጭ ይደር። ከሰል የመታው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ጤና ተቋም ማድረስ ነው፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ይታነቅበታል።

መልስ 3፦ 2.5 ሚሊ

ወደ ብሬከሩ ልምጣ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ከፍ ያለ ይስባል። የሶኬት መስመር 2.5 ሚሊ ገመድ ሆኖ 16 አምፔር ብሬከር ላይ ቢታሰር ይህን ያለችግር ይችላል። የኪራይ ቤቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ሶኬቱ ከመብራቱ መስመር ተቀንሶ በ1.5 ሚሊ ተጎትቶ፣ ብሬከሩም 10 አምፔር ሆኖ ነው። ከ9 አምፔር በላይ መብራቱና ቴሌቪዥኑ ሲጨመሩ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ፣ ሲሞቅ ነው። የአንተ “አልፎ አልፎ” ይህን ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። በ25 ወይም በ32 እንዲቀየርልህ የሚጠይቅ ሰው አትስማ፤ ያኔ የሚጋየው ገመዱ ነው፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ ማንም ሳያየው።

ቼክ የሚደረገው እንዲህ ነው። ዋናውን አጥፋ። የሶኬቱን ክዳን ፍታና የገመዱን ልባስ አንብብ፤ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ተጽፎበታል። 1.5 ከሆነ ሂተሩን ከ1000 አታሳልፍ፣ ነገሩ አለቀ። 2.5 ከሆነ ሁለቱንም ብሎኖች አጥብቅ፣ መዳቡ የጠቆረ ከሆነ የጠቆረውን ቆርጠህ እንደ አዲስ ላጥ። ልል ብሎን ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ፦ ግንኙነቱ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር፣ በ9 አምፔር 8 ዋት ገደማ ሙቀት እዚያች ጫፍ ላይ ይፈጠራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የጥፍር ያህል ቦታ ላይ ነው፣ ሶኬቱን ለማቅለጥ ይበቃል። ሂተሩ ከበራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነቅለህ የሶኬቱን ፊት በእጅህ ዳስስ፤ ለብ ካለ ችግር የለውም፣ እጅ አላስቀምጥ ካለ አትጠቀምበት።

ማከፋፈያ ላይ ሂተር አይሰካም። ገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ማከፋፈያ ገመዱ 0.75 ሚሊ ነው፣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ የለውም።

የጋራ ቆጣሪ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል። ምጣድ፣ ያንተ ሂተርና የአንዱ ጎረቤት ስቶቭ አንድ ላይ ሲመጡ 30 አምፔር ያልፋል፣ ዋናው ይወድቃል። ምጣዱ ማታ እንዳይሆን ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋገር፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚጋግር ስለሌለ ያንተ ሰዓት ነፃ ነው። ማታ ቮልቴጅ ወደ 190 ሲወርድ 2000 የሚለው ሂተር 1,500 ገደማ ብቻ እንደሚሰጥም እወቅ። ደከመ ብለህ አትፍታው።

ባለ ፋን ሂተር ሁሉም ሰው ተኝቶ አይሠራም። ሕፃኗ ለመጥባት ስትነሳ፣ እናቷ ነቅታ ባለችበት ሰዓት አብሩት። ሂተሩ ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከአጎበር ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በተለይ አጎበሩ፦ ከፖሊስተር ወይም ከፖሊኢትሊን የተሠራ ስለሆነ በሙቀት ይቀልጣል፣ በነፋስም ወደ ሂተሩ ይሳባል። ሂተር ገባ ብላችሁ ግን እንዳታነሱት፣ ይህ ወቅት የወባ ወቅት ነው፤ ጫፉን ፍራሽ ሥር ሸጉጡት። መብራት ሲጠፋ ሂተሩን ከሶኬት ንቀል፤ ሳታስበው ሲመጣ ልብስ የተጣለበት ሂተር በራሱ ይነሳል። በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ጥርስ መቆጣጠሪያ ለመግዛት ካሰብክም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ አብሮ እንደሚቆም አስብ፤ 10 ሰዓት ላይ የሞላኸው 1 ሰዓት ጠዋት ይነሳል።

መልስ 4፦ ኮርኒስና ቆርቆሮ

ሁሉም ስለ ሂተር አወራ፣ የተነሳውን ኮርኒስ ግን ማንም አልነካም። ያ ጥግ ተከፍቶ እያለ የምታሞቀው የጣሪያውን ሆድ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከቆርቆሮው ጋር ይገናኛል፣ በቃ ሄደ። ለ12 ካሬ ክፍል፣ በውስጥና በውጭ መካከል 8 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ወደ 700 ዋት ያህል ያስወጣል፤ በደህና የተዘጋ ኮርኒስ ከግማሽ በታች ያወርደዋል። አንተ መሀል ላይ ነህ።

ቺፕውዱን በምስማር መልሰህ ምታ፣ ከዚያ ዙሪያውን መጋጠሚያውን በጂብሰም ወይም በወረቀት ቴፕ ዝጋ። ቺፕውዱ እርጥበት ጠጥቶ ካበጠ አይመለስም፤ ያን ቁራጭ ብቻ ቀይር። አከራይ እምቢ ካለ አቡጀዲ ወጥሮ ማለፍ ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ፎም አንጥፉ የሚሉ አሉ፤ ፎም ቶሎ ይነዳል፣ የመብራት ገመድ ላይ ከተኛ ደግሞ ገመዱን ያግለዋል። አልመክረውም።

ቀጥሎ በሩ። ከላሜራ በር ሥር ሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ካለ፣ በ90 ሴንቲሜትር ስፋት ሲባዛ ግድግዳ ላይ 13 በ13 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ከመብሳት አይለይም። አሮጌ ጋቢ ጠቅልለህ በበሩ ርዝመት ጣልበት። የብረት መስኮቱ መስታወት ዙሪያ ስቱኮው ከተሰነጠቀ እሱንም።

ነገር ግን ሁሉንም ጥርቅም አድርገህ ዘግተህ እዚያው ክፍል ዳይፐርና አንሶላ የምታደርቅ ከሆነ ንጋት ላይ ቆርቆሮው ያልበዋል፣ ጠብታው ኮርኒሱን ያበላሻል። ቀን ላይ ከ4 እስከ 10 ሰዓት መስኮት ክፈት፣ ፍራሽና ጋቢ ፀሐይ ይምታቸው፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አየሩ ገና ሞቃት እያለ፣ ትንኝም ሳትገባ ዝጋ። ፍራሹ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ በታቹ ምንጣፍ ወይም ካርቶን አድርግ፤ ብርዱ ከሥር ሲመጣ ከላይ ጋቢ መደረብ ዋጋ የለውም።

ጠያቂ፦ ታቦር ሥር

በጣም አመሰግናለሁ። የአምስቱ ቀን ንጋት እነሆ፦ 18.5፣ 18፣ 17.5፣ 17፣ 17.5። ኮርኒሱ ሳይሠራ የተነበበ ነው። የሶኬቱ ገመድ 1.5 ሆኖ ተገኘ፣ አንዱ የመዳብ ጫፍም ጠቁሯል። ሌላ ጥያቄ፦ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ አልጋ ውስጥ ማድረግስ?

መልስ 1፦ ንጋት 12 ሰዓት

ሦስቱ ንባቦች ተከታትለው ከ18 በታች ናቸው፣ ጊዜው ደርሷል። ግን ኮርኒሱንና በሩን አስቀድም፣ ከዚያ ሦስት ንጋት እንደገና አንብብ። 18 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ሂተሩን ወደ ታኅሣሥ ልታሻግረው ትችላለህ።

ሃይላንድ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል፣ ክዳኑም ያፈስሳል። ከመድኃኒት ቤት የጎማውን ግዛ፤ የፈላ ሳይሆን እጅ የሚችለው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞልተህ፣ አየሩን ጨምቀህ አውጥተህ ዝጋውና በፎጣ ጠቅልለው። አልጋውን ለ20 ደቂቃ ያሙቅ፣ ሕፃኗ ከመተኛቷ በፊት ይወጣል። ከእሷ ጋር አያድርም።

መልስ 3፦ 2.5 ሚሊ

የጠቆረው ጫፍ እያለ ምንም አትሰካበት፣ ቻርጀርም ቢሆን። ከጥቁሩ አልፈህ አንድ ሴንቲሜትር ቆርጠህ ጣል፣ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪታይ ድረስ። የሶኬቱ ውስጥ ናሱ ከላላ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ ሶኬቱን ራሱን ቀይር፣ አዲስ ብሎን ማጥበቅ አያድነውም። አከራዩ ከፈቀደ ከብሬከሩ ሳጥን አንድ የ2.5 መስመር ለብቻው ለዚያ ሶኬት ይጎተት፣ የራሱ 16 አምፔር ይኑረው፣ የመሬት ገመዱም አይረሳ፤ የሂተሩ አካል ብረት ከሆነ በተለይ። እስከዚያ 1000 ላይ ብቻ፣ ጫፉ ከታደሰ በኋላ።