በሬዚደንሲ መሀል ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናበትኩ፤ ይግባኙን እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ (እህታችሁ፣ ከአሜሪካ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጄ-1 (የልውውጥ ሠልጣኝ) ቪዛ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) 2ኛ ዓመት ላይ ነኝ። ሰኞ ዕለት የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ምክንያቱ «የክሊኒካል ውሳኔ ድክመት» ይላል። ፕሮቤሽን (የማሻሻያ ጊዜ) አልተሰጠኝም፤ የሮቴሽን (በየክፍሉ እየተዘዋወርኩ የምሠራው ልምምድ) ግምገማዎቼም ጥሩ ናቸው። ዳይሬክተሩ «በፈቃድሽ ብትለቂ ይሻልሻል፤ እስከ ዓርብ አሳውቂኝ» ብለውኛል። ምን ላድርግ?

የቀድሞ ቺፍ (የሬዚደንቶች አለቃ)፦
እህቴ፣ ምንም ነገር አትፈርሚ። መልቀቂያ ከፈረምሽ ብዙ ጊዜ የይግባኝ መብትሽም አብሮ ይሄዳል። ፈቃድ የሚሰጡት የስቴት ቦርዶች ስለ መልቀቅም ስለሚጠይቁ ነገሩ ተሸፍኖ አይቀርም። ዛሬውኑ ውልሽንና የሬዚደንት መመሪያውን አውጥተሽ የይግባኙን ቀነ ገደብ ፈልጊ፤ ጥቂት ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ጽፈሽ አስገቢና የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ያዢ፤ ዝርዝሩ በኋላ ይደርሳል።
ኢሜይልሽ ሳይዘጋ የራስሽን ግምገማዎች ግምገማ ከሚያዝባቸው ድረ ገጾች፣ ከሜድሃብ ወይም ከኒው ኢኖቬሽንስ፣ አውርጂ። የታካሚ ስም ወይም የካርድ ቁጥር ያለበትን ግን እንዳትነኪ፤ ያልነበራቸውን የስንብት ምክንያት በእጃቸው ታስገቢላቸዋለሽ።

የደንብ ሰው፦
«ጎበዝ ሐኪም ነኝ» የሚለው ክርክር አያዋጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በሆሮዊትዝ ጉዳይ፣ በትምህርት ብቃት ለሚደረግ ስንብት መደበኛ ችሎት ግዴታ እንዳልሆነ ወስኗል፤ ዳኞች የመምህራንን የብቃት ሚዛን መንካት አይወዱም። የሚያዋጣሽ ደንቡ መጣሱን ማሳየት ነው። የሬዚደንሲ ፕሮግራሞችን ዕውቅና የሚሰጠው ኤሲጂኤምኢ በየሮቴሽኑ መጨረሻ የጽሑፍ ግምገማ፣ በየስድስት ወሩ ከዳይሬክተሩ ወይም ከወከሉት ሰው ጋር ውይይት፣ ቢያንስ 3 መምህራን ያሉበት የክሊኒካል ብቃት ኮሚቴ ይጠይቃል። ለስንብትም ተቋሙ የጽሑፍ የይግባኝ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። የቱ መቼ እንደተደረገና የቱ እንደጎደለ በሠንጠረዥ አስቀምጪ። ማይልስቶንሽ (በየጊዜው የሚመዘገበው የብቃት ደረጃሽ) ዝቅ ሳይል ስንብት ከመጣ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃሽ እሱ ነው።
ኤሲጂኤምኢ ራሱ የግለሰብ ክርክር አይዳኝም፤ የሱን መልስ እየጠበቅሽ ቀን አታሳልፊ። የሬዚደንቶች ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ዛሬ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪዛዬስ?

የቪዛ ጉዳይ፦
ፕሮግራሙ ስንብቱን ለቪዛሽ ስፖንሰር ለኢሲኤፍኤምጂ ማሳወቁ ስለማይቀር አንቺ ቅደሚ። ይግባኙ እስኪያልቅ ሁኔታሽ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። ሥልጠና ለጨረሰ የሚሰጠው 30 ቀን ለተሰናበተ አይሠራም፤ እስከ 60 ቀን የሚሰጠው ደግሞ ለኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃሽና የሥራ ጠበቃሽ የተለያዩ ይሁኑ።
በዘር፣ በትውልድ አገር ወይም በእርግዝና ምክንያት ነው የምትዪ ከሆነ ለኢኢኦሲ (የሥራ አድልዎ አቤቱታ ለሚያየው የፌደራል መሥሪያ ቤት) ማመልከቻው ጊዜ 180 ቀን ነው፤ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለው ስቴት 300 ቀን። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረሽ ጀምሮ ነው፤ የውስጥ ይግባኝ አያቆመውም።

የቀድሞ ቺፍ፦
አንድ ልጨምር። ከሠለጠንሽው ስንት ወር ክሬዲት እንደሚያዝልሽ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽ ጠይቂ። የሚቀበልሽ ፕሮግራም ከመቀበሉ በፊት የቀድሞውን ሥልጠና ማረጋገጫ ደብዳቤና የብቃት ማጠቃለያ ግምገማሽን ማግኘት አለበት። ስለዚህ ድርድር ከመጣ ከገንዘቡ በፊት በዚያ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈውን ቃል ተደራደሪ።