ጥቆማ፦ የዕቃ ፎቶን ባዶ ቦታውን ሳይቆርጥ የሚያጥብ ፎቶ ቤት፣ አዲስ አበባ

ጠያቂዋ፦
ላለፈው አንድ ዓመት ቤቴ ውስጥ ያሉትን ተራ ዕቃዎች፣ ጠርዙ የተሸረፈውን ስኒ፣ የአያቴን ሰፌድና በር ጥግ የቆመውን መጥረጊያ፣ እያንዳንዳቸውን ለብቻቸው በስልኬ ሳነሣ ቆይቻለሁ። ሦስቱን መርጬ በ30 በ40 ሳንቲሜትር ላሳጥብ ነው። ከምስሎቹ አብዛኛው ክፍል ባዶ ግድግዳ ስለሆነ፣ ይህን ዓይነት ሥራ የሚረዳ ፎቶ ቤትና የሚስማማውን የወረቀት ዓይነት ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ነባር ደንበኛ፦
የእኔ ፎቶ ቤት ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። የሠርጌንም ሆነ የልጆቼን ክርስትና ፎቶ ያጠቡልኝ እነርሱ ናቸው። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ ሌላ ቦታ መድከም አያስፈልግዎትም።

የሸክላ ወዳጅ፦
እህቴ፣ የትም ቢሄዱ አስቀድመው ይጠንቀቁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ጀበናዋን ከታች በስተግራ አስቀምጬ፣ ከላይዋ ያለውን ነጭ ግድግዳ ሆን ብዬ በሰፊው ትቼ በካሜራ አነሣሁ፤ ማሳየት የፈለግሁት ጀበናዋ ብቻዋን የቀረችበትን ክፍል ስፋት ነበር። በ20 በ25 እንዲያጥቡልኝ ሰጥቼ ስመለስ ግን ባዶው ቦታ ተቆርጦ ጀበናዋ መሀል ላይ ገብታ አገኘኋት፤ ግድግዳውም አመድ መስሏል። ባለሙያው ወረቀቱ በከንቱ እንዳይባክን ብሎ እንዳስተካከለልኝ ነገረኝ። ገንዘቡ አልቆጨኝም፤ ያን ዕለት ግን ወደ ቤት የተመለስኩት አልቅሼ ነው።

ሌላ አንባቢ፦
በእኔም ላይ ደርሷል። የሰፌዴን ጥላ እንደ እድፍ ቆጥረው አጠፉት።

ሌንስ ያዥ፦
በስልክ ከመድከም ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይግዙ። የካኖኑ ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም እስከ 35 ሳንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሣል። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ አነስተኛ በሆነ የካኖን ካሜራ ላይ ሲገጠም ግን እይታውን የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ስለሚያጠብበው፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ ያስፈልግዎታል።

አራት ኪሎ፦
ጠያቂዋ ሌንስ አልጠየቁም። ነባር ደንበኛም ቢሆኑ የሠርግ ፎቶ አሳምሮ ማጠብ ባዶ ግድግዳን አክብሮ ለማጠብ ማስረጃ እንደማይሆን ሊያውቁት ይገባል። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ምስል አሳጥበው ያውቃሉ?

ነባር ደንበኛ፦
አላሳጠብኩም፤ ነገር ግን ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። አንድም ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

የመስኮት ዳር፦
የሸክላ ወዳጅ ኀዘንዎ ይገባኛል። ቢሆንም የተበላሸው ሁሉ ከፎቶ ቤቱ ላይመጣ ይችላል። የካሜራ ምስል በአብዛኛው የጎኖቹ ምጣኔ ሁለት ለሦስት ስለሆነ ወረቀቱን ሞልቶ በ20 በ25 ሲታጠብ የግድ ይቆረጣል፤ በ20 በ30 ቢሆን ኖሮ ሙሉው ይገባ ነበር። የጠያቂዋ የስልክ ምስል ደግሞ ሦስት ለአራት ከሆነ በ30 በ40 ላይ ያለ ምንም ቅነሳ ይቀመጣል። ግድግዳው አመድ የመሰለውም ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚመዝን ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ነገር ሲያነሡ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ፎቶ ቤት ሲሄዱ «አትቁረጡ፣ ቀለሙንም በራሱ እንዲያስተካክል አታድርጉ» ብለው በጽሑፍ ይስጡ። ፋይሉን በፍላሽ ይውሰዱ፤ በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፣ አለዚያ መጠኑ ይቀንሳል። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው የክፍሉን መብራት ባዶው ቦታ ላይ ስለሚያሳይ ባዶነቱን ያጠፋዋል። ትልቁን ከማሳጠብዎ በፊትም አንዱን በትንሹ አሳጥበው ይዩት።

የአውሮፓ መምህራን ሁልጊዜ በሰሜን መስኮት አንሡ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ በእነዚያ ወራት ለስላሳው ብርሃን ያለው በደቡቡ መስኮት ነው። ጥላ ከፈለጉ ደግሞ የማለዳን ፀሐይ ይጠብቁ። ፎቶ አንሺው አንድሬ ኬርቴስ እ.ኤ.አ. በ1928 ፓሪስ ውስጥ ያነሣት ሹካ ሳህን ጠርዝ ላይ ጋደም ብላ ጥላዋን ከመጣል በቀር ምንም አትሠራም፤ እኔ ግን ባየኋት ቁጥር ረጅም ጊዜ እቆምባታለሁ።

የሸክላ ወዳጅ፦
ስለ መጠኑ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ፋይሉ አሁንም አለኝ፤ በ20 በ30 እሞክረዋለሁ።

ነባር ደንበኛ፦
የእኔ ፎቶ ቤት ይህን ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስኒው ምስል እንደገና መነሣት እንዳለበት ገብቶኛል፤ ዛሬ ማታ በምሥራቁ መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጬው አድራለሁ።