ከፊሉን ጊዜ ከቤት የሚሠራ አዲስ ሠራተኛን እንዴት እናለማምድ?

ጥያቄ፦
በምሠራበት ድርጅት ሠራተኞች የሳምንቱን ከፊል ቀናት በቢሮ፣ የቀሩትን ደግሞ ከቤታቸው ሆነው ይሠራሉ። የምመራው ክፍል በቅርቡ አዳዲስ ባልደረቦችን ይቀበላል። ለመጀመሪያው ቀን የሰው ሀብት ክፍሉ በቂ ዝግጅት አለው፤ ቅጽ ይሞላል፣ መመሪያ ይነበባል፣ ላፕቶፕ ይሰጣል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ በምንቀመጥበት ዘመን አዲስ ሰው ሥራውን የሚለምደው በአብዛኛው ከጎኑ ያለውን እያየና እየጠየቀ ነበር። አሁን ግን ከቤት የሚሠራ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ሥራ ላይ መሆኑን ወይም ግራ መጋባቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። በሙከራ ጊዜያቸው በየቀኑ ቢሮ እንዲመጡ ማድረግ ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ 1 (የሰው ሀብት ባለሙያ)፦
ቀናቱን ከመጨመርዎ በፊት መገጣጠማቸውን ይመልከቱ። አዲሱ ሠራተኛ ቢሮ በሚገባበት ቀን የቅርብ ኃላፊውና የሥራ ባልደረቦቹ ከቤት የሚሠሩ ከሆነ፣ ቤቱ ሆኖ ሊካፈለው የሚችለውን የቪዲዮ ስብሰባ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከመካፈል በቀር የሚያተርፈው የለም።

ከኃላፊው ሌላ አንድ ነባር ሠራተኛም ይመድቡለት። ማይክሮሶፍት ባደረገው ሙከራ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከተመደበላቸው ባልደረባ ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ ከተገናኙት አዳዲስ ሠራተኞች 56 በመቶው፣ ከስምንት ጊዜ በላይ ከተገናኙት ደግሞ 97 በመቶው ግንኙነቱ ቶሎ ውጤታማ እንዳደረጋቸው ተናግረዋል። ቁጥሩ የሠራተኞቹ የራሳቸው ግምት መሆኑ ባይዘነጋም፣ ልዩነቱን ያመጣው ምደባው ብቻ ሳይሆን መገናኘቱ እንደሆነ ያመለክታል። ስለዚህ ከተመዳቢው ነባር ሠራተኛ ላይ ጥቂት ሥራ ይቀንሱለት፤ አለበለዚያ ምደባው ወረቀት ላይ ይቀራል።

መልስ 2 (በቅርቡ የተቀጠረ)፦
ከአዲስ ገቢ ወገን ላስረዳ። ቢሮ ውስጥ ሰውየው ሥራ እንደበዛበት ፊቱን አይቼ ጥያቄዬን አቆየዋለሁ ወይም እጠይቃለሁ። ከቤት ስሆን ግን ትንሿ ጥያቄ ሳትቀር በጽሑፍ የምትላክና የምትቀመጥ መልእክት ስለምትሆን፣ «ይህንንም አያውቅም» እንዳልባል እየፈራሁ ግማሽ ቀን ብቻዬን እታገላለሁ። ለእኔ የረዳኝ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚደረግ አጭር የስልክ ውይይት ነው፤ ሰዓቱ የታወቀ ስለሆነ ማንንም አስቸገርኩ ሳልል እጠይቃለሁ። ነባሮቹም የማያውቁትን ክፍሉ በሚጠቀምበት የጋራ ግሩፕ በግልጽ ሲጠይቁ ማየቴ ከማንኛውም የእንኳን ደህና መጣህ ንግግር ይልቅ አደፋፍሮኛል።

መልስ 3 (የቴክኒክ ድጋፍ ሠራተኛ)፦
የኔ አስተያየት አጭር ነው። ላፕቶፑን በመጀመሪያው ቀን እዚያው ቢሮ አስከፍታችሁ፣ ከቤት የሚያስፈልገውን የይለፍ ቃልና ፈቃድ ሁሉ አስሞክሩት። ቤቱ ገብቶ መክፈት ሲያቅተው እርዳታ የሚጠይቅበት መንገድም አብሮ ይዘጋበታል። የድጋፍ ክፍሉን ስልክ ቁጥርም በወረቀት ስጡት።

መልስ 4 (የክፍል ኃላፊ)፦
በየቀኑ ይምጡ የሚለውን አልደግፍም። በ2024 በኔቸር መጽሔት የታተመ፣ ትሪፕ ዶት ኮም በተባለው ኩባንያ 1,612 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት የሥራ ውጤትን ሳይቀንስ መልቀቂያን በአንድ ሦስተኛ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አዲስ ገቢዎች ብቻ ባይሆንም፣ ሰውን ለመቆጣጠር ሲባል ብቻ ይህን ጥቅም መንሳት ተገቢ አይመስለኝም። ዝምታውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚጨርሰው ትንሽ ግን እውነተኛ ሥራ ይስጡትና ረቂቁን ሳይጨርሰው እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። የት ላይ እንደቆመ «እንዴት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ረቂቁ ይነግርዎታል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የክፍሉን የቢሮ ቀናት ከአዲሶቹ ጋር ለማገጣጠም ወስኛለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ነባር ሠራተኛ የሚመደበው ለሙከራው ጊዜ በሙሉ ነው ወይስ ሠራተኛው ራሱን ሲችል ይቋረጣል?

መልስ 1 (የሰው ሀብት ባለሙያ)፦
እስከ ሙከራው ጊዜ መጨረሻ ይቆይ፤ የግንኙነቱን ድግግሞሽ ግን እነርሱ ተነጋግረው ይቀንሱት። በእኛ ዘንድ አስቸጋሪ ጥያቄዎች የሚመጡት ሠራተኛው ሥራውን ለብቻው መያዝ ከጀመረ በኋላ ነው።