ሼፍና ቺፍ፦ ሁለት ጊዜ የገባ አንድ ቃል

የወጥ ቤቱ ሼፍና የመሥሪያ ቤቱ ቺፍ ይዛመዳሉ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ መዛመድ ብቻ አይደለም፣ አንድ ቃል ናቸው። ሁለቱም ከፈረንሳይኛ መጡ። የፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲኑ «ካፑት» የወረደ ነው፤ ትርጉሙ ራስ። እኛም አለቃን «ራስ» ስንል ኖረናል፤ ራስ አሉላን፣ ራስ መኮንንን ማስታወስ ይበቃል።

የለያያቸው ወደ እንግሊዝኛ የገቡበት ጊዜ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱም የፍርድ ቤቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ቺፍ የገባው በዚያ ተጽዕኖ ነው። ያኔ ፈረንሳዮቹም ቃሉን በ«ቸ» ነበር የሚጀምሩት። በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ «ቸ»ን ወደ «ሸ» አለሰለሱት። እንግሊዞች ግን የድሮውን ድምፅ ይዘው ቀሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ያንኑ ቃል እንደገና ተዋሱት፤ አሁን የወጥ ቤት አለቃ ከሚለው «ሼፍ ደ ኩዚን» ቆርጠው። ሼፍ በ«ሸ» የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ ብዙ ቃል መለየት ይቻላል። ከፈረንሳይኛ የመጣው በ«ቸ» ከተነገረ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የገባ ነው፤ ቼር እንደሚባለው ወንበር። «ሸ» ካለው ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ማሽንና ሻምፓኝን እዩ።

ደስ የሚለኝ ግን የእኛው ነው። ግዕዝ ለሴት «ስምኪ» ይላል፣ አማርኛ «ስምሽ»። «ቤትኪ» ብሎ «ቤትሽ»። የላቲኑም «ከ» በፈረንሳይኛ «ቸ»፣ ቀጥሎም «ሸ» ሆነ። ምላስ ወደ ፊት ሲሳብ «ከ» ይላላል፤ ፓሪስ ይሁን ሸዋ ልዩነት የለውም።

ኖርማኖች ግን ያንን «ከ» አልለቀቁም። ከካፑት ከወጣው፣ ዋና ንብረት ከሚለው የላቲን ቃል «ካፒታሌ» የእነሱ አነጋገር «ካቴል» አለ፤ እንግሊዝኛ ወስዶ ካትል አደረገው፣ ማለትም ከብት። የፓሪስ አካባቢው አነጋገር ያንኑ በ«ቸ» ሰጥቶ ቻተል ሆነ፤ በእንግሊዝ ሕግ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ካፒታል ደግሞ የላቲን መልኩን እንደያዘ ገባ። ሀብት ከዚያ ወደ ላምና በሬ መጥበቡን ልብ በሉ። በእኛም የቀድሞ ሰው «ከብት» ሲል ሀብትንም ማለቱ ነበር።

የኳሱ ካፒቴን፣ አምበል የምንለው፣ እሱም የካፑት ልጅ ነው።