የመኖሪያ ቤትና የትዳር ጓደኛ ዕዳ፦ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

ሰብሳቢ፦ ሰላም አባላት። ለአማራ ክልል ምክር ቤት የምናቀርበውን ሐሳብ በዚህ ሳምንት እንቋጭ። ባል ወይም ሚስት ብቻቸውን በገቡበት ዕዳ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ለሐራጅ እንዳይወጣ ምን እንጠይቅ?

የሕግ ክፍል፦ ነባሩን ሕግ በትክክል እንያዝ። «ግማሹ የእኔ ስለሆነ ቤቱ አይነካም» የሚለው አነጋገር ብዙ ቤተሰብ አዘናግቷል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 70 መሠረት የአንዱ ዕዳ አስቀድሞ ከግል ንብረቱ፣ እሱ ከሌለ ከጋራ ንብረቱ ይከፈላል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ከሆነ የሌላኛው የግል ንብረትም ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የሥራ መሣሪያ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ መኖሪያ ቤትን ግን አልጠቀሰም።

ጥበቃው ያለው በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ላይ ነው። የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠትም ሆነ ለሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ቢጣስ ውሉ በራሱ አይፈርስም። ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ አለበት (አንቀጽ 69)። ችግሩ እዚህ ነው፤ ብድር መክፈል የሚያቅተው ከ2ቱ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ያኔ ሚስት ነገሩን የሐራጅ ማስታወቂያ በር ላይ ሲለጠፍ ስትሰማ 2ቱ ዓመት አልፏል።

አባል፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፦ ታዲያ መኖሪያ ቤት ጨርሶ አይያዝ ብለን ለምን አንጠይቅም? ፈረንሳይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል ነጋዴን ዋና መኖሪያ ከንግድ አበዳሪዎቹ በሕግ ጠብቃለች።

የባንክ ባለሙያ አባል፦ እህታችን፣ ፈረንሳይም ቢሆን ባለቤቱ ለመረጠው አበዳሪ ጥበቃውን መተው ይችላል። እኛ አገር አነስተኛ ነጋዴ ለመያዣ የሚያቀርበው በአብዛኛው ቤቱን ነው። ጨርሶ ከተከለከለ ብድሩም አብሮ ይቀራል። በአዋጅ 97/1990 ባንክ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን ለመሸጥ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ለባለዕዳው» የሚለው ላይ «ለትዳር ጓደኛውም» ይጨመር። አዋጁ የፌዴራል ስለሆነ ይህን ለብቻው ለተወካዮች ምክር ቤት እንጻፍ።

አባል፣ ዘጌ፦ በገጠር የይዞታ ደብተራችን ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። የከተማው ካርታ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ነው። ባሕር ዳርም እንደ ገጠሩ ይሁን።

የሕግ ክፍል፦ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። በአንድ ስም ያለ ቤትም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል (የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63)፤ አበዳሪው ግን ካርታውን ነው የሚያየው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ተጋብተው በወሳኝ ኩነት ያልተመዘገቡ ጥንዶች ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ አንዱ «ያላገባ» ማስረጃ አውጥቶ ቤቱን ያስይዛል። ስለዚህ ማስረጃው ከመያዣው ውል በፊት በ30 ቀን ውስጥ የወጣ ይሁን፤ ቤቱ ባለበት ቀበሌም ይጣራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ንብረቱ ከተያዘ በኋላ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መቃወሚያ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆን ተብሎ የዘገየ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ አይመረምረውም። በክርክሩ ያልተካፈለ የትዳር ጓደኛ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 358 ፍርዱን የሚቃወመው ከመፈጸሙ በፊት ብቻ ነው። ለአባላት በምንበትነው ወረቀት ላይ ይህ በትልቁ ይጻፍ፤ የጋብቻ ማስረጃ፣ የካርታ ኮፒና ቤቱ የተሠራበት ወይም የተገዛበት ሰነድ ከመቃወሚያው ጋር ይያያዛሉ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁ «ቤት አይያዝ» አይልም። ካርታ በሁለት ስም ይሁን፣ ያለ ሁለቱ ፊርማ የተመዘገበ መያዣ ፈራሽ ይሁን፣ የ2 ዓመቱም ገደብ መቆጠር የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ለትዳር ጓደኛው ከደረሰበት ቀን ይሁን ይላል። የሕግ ክፍል የክልሉን የቤተሰብ ሕግ (79/1995) ተዛማጅ አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ እስከ ዓርብ ያምጣልን። የፋሲሎዋ እህታችን የካርታውን ጉዳይ ከከተማው የመሬት ባለሙያዎች ጋር ትነጋገርበት።